ላይ በየት በኩል ነው

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ካለው ቤቴ ሆኜ ነው። በጣም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፤ ደጅ ወጥቼ እመለሳለሁ፤ የጻፍኩትን አነብና እንደገና እነሳለሁ። ባለቤቴ ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ይብስብኛል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ መንኳኳት ሲጀምር ሰው የጠራኝ ይመስለኛል።

አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልለምን። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ባለቤቴን «እሱ» እያልኩ ስጽፍ አትታዘቡኝ። የዚያን ጊዜ የምጠራው እንደዚያ ነበር። እናቴ ባልሽን አንቱ በዪ ብላ መክራኛለች፤ እኔ ግን አላልኩም። ለምን እንዳላልኩና በኋላ እንዴት እንዳልኩ ነው የምነግራችሁ።

እኔ ይጁቤ አጠገብ የተወለድኩ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ከተማሪዎቹ ጎን አስቀምጦ ፊደል አስቆጠረኝ፤ ዳዊትም ደገምኩ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበርና ኮራሁበት፤ አበዛሁትም። የተዳርኩት አለልኝ ለሚባል ሰው ነው። አለልኝ በልጅነቱ ከነጋዴዎች ጋር ምጽዋ ወርዶ አምስት ዓመት ሳምቡክ ላይ ሠርቷል። ሳምቡክ በሸራ የምትሄድ የባሕር ጀልባ ናት። ከዚያ ሲመለስ ገመድ የበላው መዳፍና ብዙ ወሬ ይዞ መጣ እንጂ ሌላ ያመጣው ነገር አልነበረም።

ከወሬው ሁሉ አንዱ አገር ያሳቀ ነበር። በገበያ ቀን ጠላ ቤት ተቀምጦ ሲያወራ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ያዘው።

«ቆይ እስቲ። ነፋሱ ከፊት እየመጣ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ትሄዳለች ነው የምትለን?»

«በቀጥታ አትሄድም። ወዲህና ወዲያ አግድም እያለች ነው የምትወጣው።»

«ማን እየጎተታት?»

«ነፋሱ ራሱ።»

«የምጽዋ ፀሐይ እንዲህ ነው የሚያደርገው?» አለ ነጋዴው ወደ ሰዎቹ ዞሮ።

አለልኝ አልተቆጣም። «ከዓባይ በረሃ ስትወጣ በቅሎህን ፊት ለፊት ዳገቱ ላይ ትሰዳታለህ?»

«አልሰዳትም። እየተጠማዘዝኩ ነው የምወጣው።»

«ነፋስም ዳገት አለው። እንደዚያው ነው የሚወጣ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «የነፋስ ዳገት» ሆነ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ «ባልሽ ዛሬ ወዴት ነፈሰ?» ይሉኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። አንድ ቀን የማኅበር ተራ ደርሶን፣ ካህናቱም ባሉበት፣ ያንኑ ነገር ሊጀምር ሲል፣ «አለልኝ፣ ዝም በል እንጂ። ሰው ፊት አታዋርደኝ» አልኩት። ወሬውን ተወው። በማግስቱ ጠዋት ግን ሎሚ ቆርጦ አንዲት ፍሬ በሁለት ጣቱ መሀል ያዘና ጫን አላት። ፍሬዋ ተስፈንጥራ ግንባሬን መታችኝ።

«አየሽ?» አለ። «አንዱ ጣት ነፋሱ ነው። አንዱ ጣት ውሃው ነው። ሁለቱም ወደ ፊት አልገፏትም። እሷ ግን ወደ ፊት ሄደች።»

ግንባሬን ጠርጌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ውሸታም ሰው አግብቻለሁ ብዬ ነበር የተቀበልኩት። እንዲህ ያለውን ሰው አንቱ ማለት ለአፌ ከበደኝ።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። ቀዬአችን ሲቃጠል አለልኝ፣ እኔና ከእኔ አንድ ዓመት የሚበልጠው ወንድሜ ሙላት የአለልኝ አክስት ወዳሉበት ወደ ጣና ዳር ሄድን። ሐይቁ በስተደቡብ ከእኛ ከጎጃም መሬት ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ ነው። ሙላት እዚያ አልቆየም፤ አርበኞቹን ተቀላቀለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጭኑን በጥይት ተመቶ በቃሬዛ አመጡልኝ።

በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ሸተተ። የአለልኝ አክስት አሽትተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን የሚያውቁ አንድ መነኩሴ ብቻ ናቸው» አሉ። መነኩሴው ያሉት ከእኛ ፊት ለፊት፣ ሐይቁ ውስጥ፣ ደሴት ላይ ነው። ደሴቱ ይታያል፤ ዛፎቹን መቁጠር ትችላላችሁ። ነገር ግን ጣሊያኖቹ በሐይቁ ዳር ምሽግ ሠርተው የሞተር ጀልባ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ሲል ታንኳዎች ሁሉ ይወጣሉ፤ የሞተር ጀልባዋም ትወጣና አንድ በአንድ ትፈትሻለች። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የጥይት ቁስል ያለበት ሰው አግኝተው ታንኳዋን ከነሰዎቹ ወስደዋታል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ይነሳል፤ ማዕበሉ ያይላል። ያን ጊዜ አንድም ታንኳ ሐይቁ ላይ የለም። የሚፈተሽ ስለሌለ ወታደሮቹም ጀልባቸውን አስረው ይተኛሉ።

አለልኝ ይህን ሁሉ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ቀን ሲያይ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ሙላትን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ከቀትር በኋላ እንሄዳለን» አለ።

«ነፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

ሌላ ምን ልበለው? ወንድሜ እየሸተተ ነው። የናቅሁትን ወሬ የምፈትንበት ሰዓት መጣና የምፈትነው በወንድሜ ነፍስ ሆነ።

ታንኳዋ የአያ እንድሪስ ነበረች። አያ እንድሪስ ሐይቁ ዳር የኖሩ፣ ደንገል አጭደውና አስረው ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። አለልኝ የሚፈልገውን ሲነግራቸው ወደ ሐይቁ ዞሩ።

«እኔ እዚህ ውሃ ላይ ነው ያረጀሁት» አሉ። «በዚህ ነፋስ ወደዚያ የሄደ ሰው አላየሁም።»

«እርስዎ አላዩም። እኔም በታንኳ አልሞከርኩትም።»

«ብትሰብራትስ?»

«አዲስ እሠራልዎታለሁ።»

«ደንገል ማሰር ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

አያ እንድሪስ ሳቁ። «አትዋሽም ቢያንስ» አሉና የታንኳዋን ገመድ ሰጡት። ስለ ባሌ እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለሸራ የሚሆን ነገር ስላልነበረን የሠርጌን ቡሉኮ አወጣሁ። ፈትሉን ራሴ ነበርኩ የፈተልኩት። አለልኝ ሦስት ማዕዘን አድርጎ አጠፈውና በወፍራም የቀርከሃ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሶ የአክስቱን የበር መዝጊያ ነቀለው።

«ልጄ፣ በሬን ምን ልታደርገው ነው?» አሉ አክስቱ።

«ውሃ ውስጥ ላቆመው።»

«ጅብ ቢገባብኝስ?»

«ከመምሸቱ በፊት ከመጣን እመልሰዋለሁ። ካልመጣን ይቅር ይበሉኝ።»

መዝጊያውን በታንኳዋ ጎን በጠፍር አስሮ ግማሹን ውሃ ውስጥ አጠለቀው። ታንኳ ከሥሯ ጠፍጣፋ ናት፤ ነፋስ ሲገፋት እንደ ቅጠል ወደ ጎን ትንሸራተታለች። መዝጊያው ውሃውን ይዞ እንዳትንሸራተት ያደርጋታል ማለት ነው። ከዚያ አሸዋው ላይ ቆሞ ቀኝ እጁን ወደ ነፋሱ፣ ግራ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ።

«ሳምቡክ ብትሆን በሁለቱ እጆቼ መካከል ትሄድ ነበር» አለኝ። «ታንኳ ግን ሳምቡክ አይደለችም። ሸራችንም ቡሉኮ ነው።» ቀኝ እጁን ቀስ እያደረገ ወደ ግራው አስጠጋው፤ ሁለቱ እጆቹ ሊነካኩ ጥቂት ሲቀር ቆመ። «ይህችን ታህል ወደ ነፋሱ ከወጣችልን ትልቅ ነገር ነው።»

እሱን እያየሁ አንድ ነገር ልቤን ቆረቆረኝ። ውሸታም ሰው ያበዛል፤ እሱ ግን እያሳነሰ ነበር።

ሙላትን መሀል አስተኛነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ መቅዘፊያውን ያዝኩ፤ አቅጣጫ የማስይዘው እኔ ነኝ። አለልኝ የሸራውን ገመድ ይዞ ፊት ተንበረከከ። አያ እንድሪስ ገፉን።

መጀመሪያ ምንም የሄድን አልመሰለኝም። ማዕበሉ ይመታናል፤ ታንኳዋ ታቃስታለች፤ ውሃው በደንገሉ ውስጥ እየገባ ቀሚሴን አረጠበው። ዳር ላይ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ እሱን ምልክት አድርጌ ዞር እያልኩ አያለሁ። ዋርካው ወደ ጎን ይሸሻል እንጂ አያንስም።

«አለልኝ፣ አልተነሳንም» አልኩት።

«ተነስተናል።»

«ዋርካው እዚያው ነው።»

«ዋርካውን ተዪው።»

በዚህ ዓይነት ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ግራ ሄድን። ከዚያ ዞርን፤ መዝጊያውንም ፈትቶ በሌላው ጎን አሰረው። ወደ ቀኝ ስንሄድ ዋርካውን ዞሬ አየሁት። አንሷል። በጣት የሚለካ ነው፤ ግን አንሷል። ነፋሱ ፊታችን ላይ እየነፈሰ ከዳር ርቀናል። መቅዘፊያውን አጥብቄ ያዝኩ።

ችግሩ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ውሃው ላይ ጥቁር ነገር እየሮጠ ሲመጣ አየሁ፤ ኃይለኛ ነፋስ ነው። ታንኳዋ ወደ ጎን አዘነበለች። አለልኝ ሳይዞር ጮኸ፦

«ወደ ላይ! ወደ ላይ አድርጊያት!»

እናንተ አንባቢዎቼ፣ እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ለእኛ ላይ ማለት ተራራው ነው፤ አገራችን ነው። ተራራው ደግሞ ከኋላችን ነበር። ያለ የሌለ ጉልበቴን አሰባስቤ የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ተራራው አዞርኩት።

ነፋሱ ከኋላችን ገባ። ቡሉኮው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በአንድ ጊዜ ተወረወረ። ቀርከሃው ተሰነጠቀ፤ ድምፁ የተኩስ ያህል ነበር። ታንኳዋ በጎኗ ውሃ ቀዳች፤ ሙላት ተንከባሎ አንድ እጁ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ልብሱን ይዤ ጎተትኩት። ቀና ስል ዋርካው ወደ እኛ እየሮጠ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ የወጣነውን በጥቂት ደቂቃ ወረድነው።

አለልኝ ሸራውን አወረደና ወደ እኔ ዞረ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ወንድሜን ልገድል ምንም አልቀረኝም፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

«ላይ በየት በኩል ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

በአገጬ ተራራውን አሳየሁት።

ተራራውን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ ነበር። ሙላትም በትኩሳቱ መሀል ዓይኑን ገልጦ፣ «እሷ ይጁቤ ልትወስደን ነው» አለ። ሦስታችንም ውሃ ውስጥ ተቀምጠን ሳቅን። ፍርሃት እንዲህ እንደሚያስቅ አላውቅም ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አለልኝ። «እዚህ ላይ ማለት ነፋሱ የሚመጣበት ነው። ሳልነግርሽ ነው የጮህኩት። አሁን ነጠላሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ።»

«ምን?»

«ጆሮሽና ጉንጭሽ ይገለጥ። ነፋሱ ጆሮሽን ብቻ ከመታሽ ወደ ጎን እየተንሸራተትን ነው። ሁለቱን ጉንጭሽን እኩል ከመታሽ ወደ ነፋሱ በጣም ተጠግተናል፤ ታንኳዋ ትቆማለች። አንዱን ጉንጭሽን ብቻ፣ ወደ አፍንጫሽ ጠጋ ብሎ ይምታሽ። እሱን ያዢ፤ ሌላ ነገር አትዪ።»

መቀነቴን ፈትቼ ሰጠሁት፤ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ ጠመጠመበት። እንደገና ተነሳን።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ተነስቼ ነበር። ደጅ ቆሜ ቆየሁ። አሁን ተመልሻለሁ።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። ስትጠልቅ ነፋሱ ጋብ ይላል፤ ሐይቁ ሲረጋ ደግሞ የሞተር ጀልባዋ ልትወጣ ትችላለች። ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ታንኳዋ ዝቅ ብላለች። እኔ ግን ያን ሁሉ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ጉንጬን ብቻ አዳመጥኩ። ግራ ጉንጬ፣ ከአፍንጫዬ አጠገብ። ሲያመልጠኝ እመልሰዋለሁ። ታንኳዋ ሲደላት እጄ ላይ ይታወቀኛል፤ መቅዘፊያው ይቀለኛል። አንዳንዴ ወደ ነፋሱ ትንሽ አብዝቼ እጠጋና ቡሉኮው መርገብገብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ አለልኝ ምንም ሳይለኝ ጥቂት እመልሳታለሁ።

በዚህ መሀል አንድ ነገር አየሁ። የቡሉኮው ታችኛው ክፍል በማዕበሉ ረጥቦ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ላይኛው ደረቁ ክፍል ግን ይልፈሰፈሳል፤ ነፋሱ በድርና ማጉ መሀል ሾልኮ ያልፋል። የውሃ መቅጃ ቅላችንን አንስቼ ከሐይቁ እየቀዳሁ ወደ ላይ መርጨት ጀመርኩ። አለልኝም ሙላትም በሰበሱ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጥጥ ሲርስ ያብጣል። ቀዳዳው ይደፈናል።»

ቡሉኮው ከላይ እስከ ታች ተወጠረ። ታንኳዋ ሰው እንደጎተታት ወደ ፊት ተሳበች። አለልኝ ዞሮ አየኝ።

«ማን ነገረሽ? ይህን የሚያደርጉት የሳምቡክ ሰዎች ናቸው።»

«ማንም። ፈትዬዋለሁ እኮ።»

ወደ ግራ ሄድን፤ ዞርን። ወደ ቀኝ ሄድን፤ ዞርን። በዞርን ቁጥር አለልኝ ያንን ከባድ መዝጊያ እየፈታ ያስራል፤ ጠፍሩ ጣቶቹን ልጧቸው ነበር። ስንት ጊዜ እንደዞርን አላስታውስም። አንድ ጊዜ ቀና ስል የደሴቱ ዛፎች ቅጠል ታየኝ። ሌላ ጊዜ ቀና ስል ነፋሱ ጠፋ፤ የዛፎቹ ጥላ ውስጥ ገብተናል። የቀረችውን ታንኳዋ ላይ በነበረው በአያ እንድሪስ ረጅም ዘንግ እየገፋን ደረስን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በትራቸውን ተደግፈው ዳር ቆመዋል። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት አባቴ» አለ አለልኝ። «አትወርድም። ታንኳዋ ላይ ትቀመጣለች።»

ያ ገዳም ሴት አይገባበትም። ሁለት ወጣት መነኮሳት ወርደው ሙላትን አነሱት። እጄን ጨብጦ ነበርና ጣቶቹን አንድ በአንድ አስለቀቁት። ሽማግሌው ቁስሉን ገልጠው አሸተቱ። «ነገ ብታመጡት ኖሮ አልነካውም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ አዩ። ሐይቁ ነጭ አረፋ ለብሷል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ወደ መጣንበት ዳርቻ ይነፍሳል።

«በዚህ ነፋስ እንዴት መጣችሁ?» አሉ።

አለልኝ አፉን ከፈተ። ያንን ወሬውን ሊጀምር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቡሉኮውን አየ፤ መዝጊያውን አየ፤ የደማ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ቀዝፈን መጣን፣ አባቴ» አለ።

ከአለልኝ አፍ የሰማሁት ብቸኛ ውሸት ይህ ነው። ለምን እንደዋሸ ወዲያው ገባኝ። ማኅበር ላይ፣ ካህናት ፊት፣ «አታዋርደኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ዛሬም ካህን ፊት ነን። ሊያዋርደኝ አልፈለገም።

ታንኳዋ ላይ ቆምኩ። ረጥቤያለሁ፤ ራሴ አልተሸፈነም፤ ሴት በዚያ ቦታ ድምፅ ማሰማቷ ነውር እንደሆነም አውቃለሁ።

«አልቀዘፍንም አባቴ» አልኩ። «በነፋሱ ነው የመጣነው። ነፋሱ ራሱ ነው ያመጣን። እሳቸው ያውቁበታል፤ እሳቸው ናቸው ያመጡን።»

ሽማግሌው ዞር ዞር ብለው ታንኳዋን ፈተሹ። አንድ የሃያ አምስት ዓመት ሰው እርጥብ ቁምጣ ለብሶ ከመቆሙ በቀር ማንም የለም።

«እሳቸው ማን ናቸው?» አሉ።

«ባለቤቴ ናቸው።»

አለልኝም ሊያያቸው የፈለገ ይመስል ወደ ኋላው ዞረ። ከዚያ ማንን እንዳልኩ ለባለቤቴ ገባቸው። ዓይናቸውን ከዓይኔ ነቅለው ወደ ውሃው አዩ፤ መዝጊያውን መፍታትም ጀመሩ፣ አሁን መፈታት ባያስፈልገውም።

ነፋሱ ጋብ ከማለቱ በፊት ተመለስን። መመለሱ ቀላል ነበር፤ ነፋሱ ከኋላችን ነው። ጨለማ ሳይሆን መዝጊያውን ቦታው መለሱት። አያ እንድሪስ ታንኳቸውን ዙሪያዋን ዳሰሱና፣ «ነገ ታሳየኛለህ» አሏቸው። ሌላ አላሉም።

ሙላት ዳነ። ያንን እግሩን እስከ መጨረሻው ቢጎትተውም አግብቶ፣ ወልዶ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወደ አገራችን ተመለስን። ለምንጭ ሴቶቹም፣ ለበቅሎ ነጋዴውም፣ ለሁሉም ነገርኳቸው። ማንም አላመነኝም። «አትጠገብ ባሏን መሰለች» አሉ። ስድብ ነው ብለው ነው፤ እኔ ግን እንደ ምርቃት ወሰድኩት። ባለቤቴ ታሪኩን ራሳቸው አውርተውት አያውቁም። እኔ ስጀምር ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ካላመናችሁ አልቀየማችሁም፤ እኔም ሎሚ ግንባሬን መትቶኝ አላመንኩም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ያየውን ነገር ሲናገር ዓመታት ከሰው ጋር አብሬ ስቄበታለሁ። ያዳነኝ የሳቸው እውቀት ብቻ አልነበረም፤ የእኔን ስህተት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው መቀበላቸው ነው። ቢቆጡኝ ኖሮ መቅዘፊያውን መልሼ መያዝ አልችልም ነበር።

ሲያርፉ ሰው ሁሉ ጽኚ አለኝ። መጽናት ማለት ፊት ለፊት መቆም መስሎኝ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። አሁን እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ወዲህ እላለሁ፣ ወዲያ እላለሁ። ልጆቼ እናታችን ዕረፍት አጣች እያሉ ይጨነቃሉ። ወዴት እንደምሄድ አይታያቸውም። እኔም ገና ዋርካውን እያየሁ ነው፤ ያነሰ አልመሰለኝም።

ዛሬ ጠዋት ግን ነፋሱ ሲነሳ ወጥቼ በሬ ላይ ቆምኩ። ነጠላዬን ከራሴ አወረድኩ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አሻግራ፣ «እማማ አትጠገብ፣ ብርድ ይመታዎታል» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ግራ ጉንጬን፣ ከአፍንጫዬ አጠገብ፣ ለነፋሱ ሰጠሁት። ላይ በየት በኩል እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።